ሐኪም ያልሞላባቸው ቦታዎች

ሳንታ ብሪጊዳ፣ ሰሜን ሉዞን
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1995

ይድረስ ለአክስቴ ለአንቲ ፑሪንግ ማዳራንግ፣ ቺካጎ፤

እጅዎን ይዤ ግንባሬን በማስነካት ከሩቅ እሳለምዎታለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? በረዶውስ ቀለጠ? እኛ እዚህ አፖ ዲዮስ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ የግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች ነው፤ ሰሞኑን የትምባሆ ቅጠል ለቀማ ላይ ናት።

ባለፈው ኖቬምበር ለቃለ መጠይቅ ስመጣ ያደረጉልኝን ሁሉ አልረሳም። ያለበሱኝን ካፖርት እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ጎረቤት እየመጣ ይዳስሰዋል። አሁን የእናንተን አገር የሠልጣኝ ሐኪሞች ምደባ እየጠበቅሁ ነው። ውጤቱ በእርስዎ አድራሻ ስለሚመጣ ፖስታውን እርስዎ ይክፈቱልኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ሆስፒታላችን ለቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች አራት ቦታ አለው። በየዓመቱ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ዘንድሮ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ዶክተር አናክሌቶ ዱምላዎ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው ይሠራሉ። ለምን ሌላ ሰው አይመጣም ይሉ ይሆናል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ድልድዩ ይቆረጣል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠልጣኝ ትከሻውን ስላመመው ወደ ማኒላ ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት የከተማው ምክር ቤት አባል ገበያ መሀል ተመትተው መጡ። ገና ሸሚዛቸውን ስንቀድ ሁለት ታጣቂዎች የጀመሩትን ሊጨርሱ ተከትለዋቸው ደረሱ። ዶክተር ዱምላዎ በሩ ላይ ቆመው «ልጆች፣ እዚህ በመሣሪያ አይገባም። ጫማችሁም ጭቃ ነው፤ ነርሷ ማናንግ ሴልሳ ወለሉን አሁን ነው የወለወለችው» አሏቸው። ሰዎቹ ተሳሳቁና ወጡ። ሲወጡ የውኃ ማጠራቀሚያችንን በጥይት በሳስተውት ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ በባልዲ ስንቀዳ ዋልን። ሰውየው ተርፈዋል።

አይጨነቁ፤ እንዲህ ያለው በየቀኑ አይደለም።

ልጅዎ፣ ሮዘንዳ


ቺካጎ
ማርች 18 ቀን 1995

ለልጄ ለዶክተር ሮዘንዳ ማዳራንግ፤

እመቤታችን በካባዋ ትጋርድሽ። እናትሽን በአንገቷ ዙሪያ ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ሊወጣ ነው።

ቴሌግራሜ ሳይደርስሽ አይቀርም። ቴሌግራም በቃል ስለሚያስከፍል «ቦታ አግኝተናል» ብቻ ነው ያልኩሽ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ አሁን ልንገርሽ። ሰኞ ዕለት ፖስታውን ከፈትኩ፤ አልተመደብሽም። አንቺ የመረጥሻቸው ሦስቱም አልመረጡሽም። አንድ ሰዓት ያህል ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ።

ይኼ ምደባ እንደ ጋብቻ ነው። ሐኪሙ የሚፈልጋቸውን ሆስፒታሎች በተራ ይጽፋል፤ ሆስፒታሉም እንደዚያው ሐኪሞቹን ይጽፋል፤ ኮምፒዩተር ያጋባቸዋል። መጨረሻ ላይ ባል ያጣ ሐኪምና ሚስት ያጣ ቦታ ይተርፋል። በማግስቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የክፍት ቦታዎቹ ዝርዝር ይወጣና የተረፈው ሁሉ ስልክ ላይ ይዘምታል። ሽሚያ ነው የሚሉት። እኔም ከሥራ ቀርቼ ማንግ ዶሮ ከሚባለው ያገራችን ሰው ሱቅ ገባሁ፤ ፋክስ ያለው እሱ ጋ ነው። የደረቀ ዓሣና የሩዝ ጆንያ መሀል ቆሜ አርባ ሁለት ሆስፒታል ደወልኩ። አንዱ ሳልጨርስ ዘጋብኝ፤ አንዷ «የውጭ ተማሪ አንፈልግም» አለችኝ፤ አንዱ ደግሞ ስምሽን መጥራት አቅቶት ተናደደብኝ። አርባ ሦስተኛው እዚሁ የእኛው ከተማ፣ በስተምዕራብ ያለው ትልቁ የድሆች ሆስፒታል ነበር። ስድስት የቀዶ ሕክምና ቦታ አላቸው፤ ሁለቱ ሰው አልሞላባቸውም።

«በጥይት የተመታ ሰው አይታ ታውቃለች?» አለኝ ሰውየው።

ሳቄ አመለጠኝ። የማለቅስ መስሎት «እመቤት፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። «ጌታዬ፣ በጥይት ያልተመታ በሽተኛ አይታ ታውቃለች ወይ ብለው ይጠይቁኝ እንጂ!» አልኩት። ወረቀቶችሽን በፋክስ ላክሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበሉሽ። ውሉን ፈርመሽ ቶሎ መልሺ። ሥራው ጁላይ 1 ይጀመራል፤ ጁን 15 እዚህ መሆን አለብሽ።

ቦታው ለምን ክፍት እንደቀረ አልጠየቅኩም፤ ቢሆንም አውቃለሁ። ባለፈው በጋ አንዲት ሠልጣኝን የበሽተኛ ወንድም በጩቤ ወግቷታል። አሁን በሩ ላይ መፈተሻ አስገብተዋል፤ እናንተ ጋ እሱም የለም። ለመሆኑ ያን ሠልጣኝ ትከሻውን ያመመው በምንድን ነው?

ችግር ከገጠመሽ ቀጥታ ከንቲባ ፓኩርሳ ዘንድ ሂጂና ስሜን ጥሪ። የእናቴ የክርስትና ልጅ ነው። ባለፈው ጁላይ እዚህ መጥቶ ከአገር ልጆች ማኅበራችን ጋር ሲጨፍር አመሸ፤ የተነሣነውን ፎቶ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንቺን የሚነካ የለም።

አክስትሽ፣ ፑሪንግ


ሳንታ ብሪጊዳ
ኤፕሪል 16 ቀን 1995፣ የትንሣኤ ዕለት

ይድረስ ለአንቲ ፑሪንግ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። እጅዎን እስማለሁ፤ ሁለቱንም። አርባ ሦስት ስልክ! እናቴ ደብዳቤዎን ለጎረቤት ጮክ ብላ አነበበች፤ «ሚስት ያጣ ቦታ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቅ አላስጨርስ አላት። ውሉን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ደብዳቤዎ ሃያ ስድስት ቀን ፈጅቶ ነው የደረሰኝ።

እስከ ሜይ 8 ግን እዚህ እቆያለሁ። የአካባቢ ምርጫው የዚያን ዕለት ነው፤ ዶክተር ዱምላዎን ብቻቸውን ጥዬ መሄድ አልችልም። ስነግራቸው «ሂጂ፣ ሂጂ፤ እኔ ከውሻዬ ጋር እሠራለሁ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱ ግን ከተማሪነታቸው ጀምሮ የያዙትን መቀስ አምጥተው ሰጡኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ፤ ትከሻውን ያመመው በጥይት ነው።

በዚህ ወር አሥራ አንድ ሰው በጥይት ተመትቶ መጥቶልናል። ስድስቱን አድነናል። አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ የተቃዋሚውን ፖስተር መኪናው ላይ ስለለጠፈ ሁለት ጉልበቶቹን መቱት። አንዷ ልብስ አጣቢ ናት፤ ማንንም አልደገፈችም፤ ጥይት ግድግዳ አልፎ አገኛት። ዐርብ ስቅለት ዕለት ሰልፈኛው መስቀሉን ተሸክሞ በሆስፒታሉ በር ሲያልፍ እኔ ሬሳ ክፍል ውስጥ ሦስተኛውን ሳጥን እያስፈረምኩ ነበር።

ገንዘብ ሊልኩልኝ አስበው ከሆነ ይተዉት። ካልከበደዎት ሰባት ቁጥር ጓንትና ቀጭን የደም ስር መስፊያ ክር ይላኩልኝ። እዚህ ያለውን ጓንት አጥበን፣ አድርቀን ደግመን ነው የምናጠልቀው።

ስለ ከንቲባው የጻፉልኝን አንብቤያለሁ።

ልጅዎ፣ ሮዘንዳ


ቺካጎ
ሜይ 15 ቀን 1995

ሮዘንዳ፤

አፖ ዲዮስ ይጠብቅሽ። ሌላ ሰላምታ የለኝም፤ ተቆጥቻለሁ።

ምርጫው ካለፈ ሰባት ቀን ሆነው። ቴሌግራም የለ፣ ስልክ የለ። ወሬውን የሰማሁት ከከንቲባው ሚስት ነው። በኮሌክት ደውላ፣ በእኔ ሒሳብ፣ ሃያ ደቂቃ አለቀሰች። «ልጄን ሮመልን ያዳነችው ያንቺ ልጅ ናት፤ እግዜር ይስጣት» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እግሩ ግን ተቆረጠ፤ ከጭኑ ላይ ተቆረጠ፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠና «ሮዘንዳ አሜሪካ የምትሄደው መቼ ነው? ቶሎ ብትሄድ ይሻላል» አለችኝ። ምርቃት ይሁን ማስፈራሪያ መለየት አቃተኝ።

ማንግ ዶሮ ሱቅ ስገባ ደግሞ ወሬያቸውን ቀየሩ። በኋላ ዶክተር ዱምላዎ ሞተዋል አሉኝ። ያ ሰው እኮ ለእናቴ ኪንታሮት ያወጣላት ነው! በክፍያ ፋንታ ዶሮ ሰጥታው፣ ዶሮዋን መልሶላት እንቁላሉን ብቻ የወሰደ ሰው ነው!

ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፊልኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቀዶ ሕክምና ክፍል የቆምኩ ነርስ ነኝ፤ አታለሳልሺልኝ። ጓንቱንና ክሩን ልኬያለሁ።

ፑሪንግ


ሳንታ ብሪጊዳ
ሜይ 23 ቀን 1995

ይድረስ ለአንቲ ፑሪንግ፤

እጅዎን እስማለሁ፤ ይቅርታዎንም እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት፣ ሜይ 9፣ ጠዋት ቆጠራው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ከንቲባው እየተሸነፉ እንደሆነ ሲታወቅ ሰዎቻቸው ሳጥኖቹን ሊወስዱ ገቡ። ሮመልም አብሯቸው ነበር። መምህርት ኮንሶላሲዮን ባላዋግ አንዱ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችኝ ናት። «ተነሺ» ሲሏት «ቆጥሬ አልጨረስኩም» አለቻቸው። ሆዷን በጥይት መቷት። ከውጭ የነበሩት የተቃዋሚው ጠባቂዎች ተኮሱ፤ ሮመል ብሽሽቱ ላይ ተመታ። ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው።

መምህርቷን በሩዝ ጋሪ አመጧትና ከዶክተር ዱምላዎ ጋር ሆዷን ከፈትን። ሮመልን ደግሞ ሰዎቹ በጂፕ ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ይዘውት ሮጡ፤ ድልድዩ ተዘግቶ ስላገኙት ተመለሱ። አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው ተሸክመውት ገቡ። ብሽሽቱን በሸሚዝ ጠቅጥቀውታል፤ ሸሚዙ እየተንጠባጠበ ነበር።

ዶክተር ዱምላዎ በእጄ የያዝኩትን አይተው «አንቺ ቀጥዪ፤ እሱን እኔ አየዋለሁ» አሉኝ። ጓንታቸውን አወለቁና ወደ በሩ ሄዱ።

«ጠረጴዛው ተይዟል። እዚህ ኮሪደሩ አልጋ ላይ አስተኙት፤ ጓንት ለውጬ እመጣለሁ» አሏቸው።

«የአፖ ከንቲባ ልጅ እኮ ነው!» አለ መሪያቸው። ሴቦይ ላግማይ ይባላል፤ የከንቲባው ጠባቂ ነው።

«የፈለገው ልጅ ይሁን፤ ጠረጴዛ ያለን አንድ ነው። አስተኙት አልኩ።»

ሴቦይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ደረታቸው ላይ። መነጽራቸው በክሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሊረዱት እየወጡ ነበር፣ አንቲ። ጓንቱን ያወለቁት ለዚያው ልጅ ነበር።

ከዚያ ሬሳውን ተሻግሮ ገባ። የሮመልን አልጋ እየገፉ አስገቡትና ሁለቱ ወደ ጂፑ ተመለሱ። ሴቦይ ሽጉጡን ማጅራቴ ላይ አደረገው። የመምህርቷ አንጀት እጄ ላይ ነበር።

«ይቺን አውርጂ፤ እሱን ሥሪ።»

«ከለቀቅኳት ትሞታለች፤ እሱም እስካዘጋጅ ይሞታል።»

«እንግዲያው አንቺም፣ ነርሷም፣ መምህርቷም ትሞታላችሁ።»

እንዴት ያ ድምፅ ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፤ የመምህርት ኮንሶላሲዮን ዓይነት ድምፅ ነው የወጣኝ። «ሽጉጥህን እዚያ ትሪ ላይ አስቀምጥ። ና። ሸሚዙን አውጣ። ጣትህን እዚህ ክተት። ጠልቀህ ግፋ፤ አሁንም ግፋ! የሚመታ ነገር አገኘህ?»

«አገኘሁ።»

«እሱ ነፍሱ ነው። ጣትህን ካነሳህ አሥር ሳትቆጥር ይሞታል። አባቱ ደግሞ ጣቱን ያነሳው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።»

ፊቱ ወረቀት መሰለ፤ አላነሳም። ማናንግ ሴልሳ፣ ማደንዘዣ የምትሰጠው ነርሳችን፣ ሮመልን አስተኛችው፤ ሽጉጡን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፈነችው። የወጥ ቤቷን ሴት ደግሞ በጓሮ በር ወደ ወታደሮቹ ካምፕ ላከቻት። አምስት ሰዓት ላይ የመምህርቷን ሆድ ሰፍቼ ጨረስኩ። ተርፋለች፤ ትናንት ሾርባ ጠጣች።

ወታደሮቹ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። ጂፑ ጋ የነበሩት ሸሹ። ሴቦይን ያገኙት እንደቆመ፣ ጣቱ እንደገባ ነው። ከዚያ የሮመልን ደም ስር ሰፋሁ፤ ግን እግሩ አልሞቀም። በማግስቱ ቆረጥኩት።

ከንቲባው አሸንፈዋል ተባለ። ሁለት ሳጥን ወንዝ ውስጥ ተገኘ።

ሴቦይ በዋስ ልውጣ ብሏል። ችሎቱ ጁን 19 ነው፤ ሲተኩስ ያየነው እኔና ማናንግ ሴልሳ ነን። እባክዎ ሆስፒታሉን አነጋግረው ጥቂት ቀን ይለምኑልኝ።

ልጅዎ፣ ሮዘንዳ


ቺካጎ
ጁን 8 ቀን 1995

ልጄ ሮዘንዳ፤

እጆችሽን እግዜር ይጠብቅልሽ። ለእናትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ብቻዋን አትደር።

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ፎቶውን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሳሁ። ቀዳድጄ ልጥለው ነበር፤ ኋላ ግን ሳየው ከከንቲባው ጀርባ ቆሞ የሚስቀው፣ የእኔን ቦርሳ የያዘልኝ ሰውዬ፣ ሴቦይ ላግማይ ነው። እዚህ ቤቴ መጥቶ ሩዝ በልቷል። ሁለት ጊዜ ጨምሬለት ሁለት ጊዜ አመስግኖኛል። ለምርጫውም ማኅበራችን አዋጥቶ ልኮ ነበር፤ የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ። ይኼን ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ሌላም ነገር ልበልሽ። መምህርቷን አምስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ ብለሻል። ወታደሮቹ ሰባት ከሩብ ደረሱ ብለሻል። ከዚያ የልጁን ደም ስር ሰፋሁ ብለሻል።

እኔ ሰዓት እያየሁ ለሐኪም መሣሪያ ሳቀብል ነው ያረጀሁት። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ከሩብ አለ።

አትመልሺልኝ። በደብዳቤም፣ በስልክም፣ ለቄስም ቢሆን አትመልሺ። ችሎት ላይ ከተጠየቅሽ መምህርቷ ደም ፈሰሳት፣ እንደገና ከፈትኳት በይ። ሴልሳን አነጋግሪያት፤ ያየ ሌላ የለም። የልጁ እግር ከመጀመሪያውም አይተርፍም ነበር በይ፤ እውነትም ላይተርፍ ይችል ነበር፤ ማን ያውቃል? እውነቱን ብትናገሪ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፤ ገዳዩም ይሳለቅብሻል፤ ዱምላዎም አይነሳም። ለአንድ ቃል ብለሽ ዕድሜሽን አትጣዪ!

ሆስፒታሉ እስከ ጁላይ 10 ይጠብቅሻል። ሰውየው «የጥይቷ ሐኪም» ነው የሚልሽ። ምስክርነትሽን ስጪና በዚያው ቀን ውጪ።

አክስትሽ፣ ፑሪንግ


ሳንታ ብሪጊዳ
ጁላይ 9 ቀን 1995

ይድረስ ለምወድዎ አክስቴ ለአንቲ ፑሪንግ፤

እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌ እሳለማለሁ። ጤናዎን እመኛለሁ። ጓንቱ ደርሷል፤ ሰባት ቁጥሩ ልክ ነው።

የጁን 8 ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጁን 27 ነው። ችሎቱ አልፎ ነበር። ቀድሞ ቢደርሰኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ስለዚህ የታዘዝኩትን እንቢ አልኩ ብዬ አልመጻደቅም።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከንቲባው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሮመል ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። መጀመሪያ ማናንግ ሴልሳ ተናገረች። ቀጥሎ እኔ ያየሁትን ተናገርኩ። ከዚያ የሴቦይ ጠበቃ ተነሳ።

«ዶክቶራ፣ መምህርቷን ስንት ሰዓት ጨረሱ?»

«አምስት ሰዓት።»

«ወታደሮቹ የገቡትስ?»

«ሰባት ከሩብ።»

«በመካከሉ ምን ሲሠሩ ነበር?»

ዐቃቤ ሕጉ በዓይኑ ለመነኝ።

«እጄን ታጠብኩ። ዶክተር ዱምላዎን ከኮሪደሩ አንስተን ገነዝናቸው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።»

«ተቀመጡ? የቆሰለ ሰው ፊትዎ ተኝቶ? ደም ስሩን መስፋት አይችሉም ነበር?»

«እችል ነበር። እግሩም ይተርፍ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልሰፉትም?»

«ከሰፋሁት ይኼ ሰው ጣቱን ያነሳ ነበር።»

ዳኛዋ መጻፍ አቆሙ። ሴቦይ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ብድግ አለ። «እጄ እስኪደነዝዝ እኮ ነው የቆምኩት! ይሞታል ብለሽኝ! ይሞታል ብለሽኝ ነው እንጂ ያኔውኑ እሄድ ነበር!» እያለ ጮኸ። ጠበቃው አፉን ሊይዘው ሞከረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። በዚያች ሰዓት እዚያ እንደነበር በገዛ አፉ አመነ። ዋስትናው ተከለከለ።

ከንቲባው ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው «ለፑሪንግ ሰላም በያት» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የእናቴ ትምባሆ ማድረቂያ ተቃጠለ። እሳቱን ልታጠፋ ገብታ ክንዷን ተቃጥላለች፤ እኔው አክሜ ቪጋን ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ወስጃታለሁ። ካፖርቱ አብሮ ነዷል።

ቺካጎ በራሴ ደወልኩ። ለሰውየው ሁሉንም ነገርኩት፤ እግሩንም፣ ሁለቱን ሰዓታትም። «እኔ ብሆንም…» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ «ቦታሽን ክፍት ነው ብለን መልሰን እንጽፈዋለን» አለኝ። አርባ ሦስት ስልክዎን አፈር አበላሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳዬን ሴፕቴምበር ያያል። እስከዚያ ሥሪ ብለውኛል፤ ይቅርታ አድርገውልኝ ሳይሆን የሚተካኝ ስላጡ ነው። ማስታወቂያው እንደገና ወጥቷል፤ ማንም አላመለከተም።

ሌሊት ሌሊት ስለዚያ ወንበር አስባለሁ፣ አንቲ። እውነቱን ልንገርዎት። ወታደር እስኪመጣ ገዳዩን ላቆየው ብዬ ብቻ አይደለም። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር የሮመል እግር እየነጣ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። አየሁት፤ ዳሰስኩትም። ዶክተር ዱምላዎ ደማቸው ገና ወለሉ ላይ ነበር፤ እኔም ይንጣ አልኩ። ይኼን ችሎቱ አልጠየቀኝም። ለእርስዎ ግን ነገርኩዎ።

ትናንት ረፋዱ ላይ ሮመል መጣ። ከመኪና የወረደው ብቻውን ነው፤ ጠባቂዎቹን ከበሩ ውጭ አስቀርቷቸዋል። የተቆረጠው ቦታ መግል ይዟል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ትኩሳት አንቀጥቅጦታል። ዋናው ከተማ ያለው ሐኪም አባቱን ፈርቶ ቢላ አላነሳም ብሎታል አሉ።

«ሌላ ሐኪም የለም ወይ?» አለ ማናንግ ሴልሳን።

«አራት ቦታ ነው ያለን። ያለችን እሷ ናት» አለችው።

ራሱ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ከወገብ በታች ብቻ አደነዘዝነው፤ ነቅቶ ነበር። ልብሴን ለብሼ ስቀርብ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዶክቶራ፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?»

«አርባ ደቂቃ» አልኩት።

ወደ ግድግዳው ሰዓት ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ዓይኑን አልነቀለም። የበሰበሰውን ቆርጬ አወጣሁ፤ አጠብኩ፤ አጥንቱን አሳጠርኩ፤ በላኩልኝ ክር ደም ስሩን አሰርኩ። የመጨረሻውን ስፌት ቋጥሬ መቀሱን ሳስቀምጥ፣ ሮመል ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ሳያነሳ፣

«ሠላሳ ስምንት» አለ።

ልጅዎ፣ ሮዘንዳ